ከኦሎት እስከ ባሕሩ፦ መኪና በማይሄድበት የጠጠር መንገድ ብስክሌት ለመንዳት ዝርዝር መመሪያ

በሰሜን ምሥራቅ ስፔን፣ በካታሎኒያ ጂሮና አውራጃ፣ ከጋሮቻ ተራሮች ተነሥቶ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር የሚወርድ የብስክሌት መንገድ አለ። ብዙ ሰው ሊነዳው ይሄዳል፤ ብዙው ደግሞ ሳይጨርሰው ይመለሳል። ያሰናከላቸውን ስጠይቅ የማገኘው መልስ ተመሳሳይ ነው። አንዱ ስልኩ የመራውን ተከትሎ ከባድ መኪና በሚርመሰመስበት አስፋልት ላይ ራሱን ያገኛል። ሌላው ጎማውን ለአስፋልት እንደሚነፋው አጠንክሮ ይነፋና በመጀመሪያው ቁልቁለት ይወድቃል። ሌላው ከባሕሩ ተነሥቶ ሽቅብ በመንዳት መንገዱን ሳያጋምስ ጉልበቱን ይጨርሳል። ሌላው ደግሞ ውኃ ያልቅበታል።

አራቱም ስሕተቶች የሚፈጸሙት ገና ብስክሌቱ ላይ ሳይወጣ ነው። ከዚህ መመሪያ ሰፊው ክፍል ስለ ዝግጅት የሆነውም ለዚህ ነው። እባካችሁ ዘልላችሁ ወደ ጉዞው አትሂዱ።

መንገዱን ዕወቁት

መንገዱ ሩታ ዴል ካሪሌት ይባላል። ሁለት ተያያዥ ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ከኦሎት እስከ ጂሮና ከተማ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለተኛው ከጂሮና እስከ ወደቧ ከተማ ሳንት ፌሊዩ ዴ ጊሾልስ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ 1969 ድረስ ጠባብ ሐዲድ ያለው ባቡር ይሄድበት ነበር፤ ሐዲዱ ተነሥቶ መደቡ ለእግረኛና ለብስክሌት ቀረ። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት ስለማይወጣ መንገዱ በተራራ መካከል እያለፈም ተዳፋቱ ለስላሳ ነው።

ወለሉ በአብዛኛው የተጠቀጠቀ አሸዋማ ጠጠር ነው። በመንደሮች ውስጥና እዚህም እዚያም አስፋልት ወይም ሲሚንቶ ያጋጥማል። «ከመኪና ነጻ» የሚለውን ቃል በልኩ ተረዱት፦ መንገዱ ብዙ ቦታ ላይ የመኪና መንገድ ያቋርጣል፤ በመንደሮችና በጂሮና ከተማ ውስጥ ደግሞ ከመኪና ጋር የሚጋራቸው አጫጭር መንገዶች አሉ። አደጋ የሚደርሰውም በአብዛኛው በእነዚህ ቦታዎች ነው።

ይህ መንገድ ግንድ ነው። በግራና በቀኙ ወደ ተራራ የሚወጡት የደን መንገዶች ቅርንጫፎቹ ናቸው። ግንዱን አንድ ጊዜ ሳትነዱ ቅርንጫፉ ላይ አትውጡ።

ደረጃ 1፦ ወቅቱን ምረጡ

ከኤፕሪል እስከ ጁን መጀመሪያ፣ ወይም ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ሂዱ።

በጁላይና በኦገስት ከሄዳችሁ ጎሕ ሲቀድ ተነሡና እኩለ ቀን ሳይደርስ ጨርሱ። ከአዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ከፍታው ምንም አይደለም፤ ኦሎት 440 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። የሚፈትነው ሙቀቱ ነው። በደጋ የለመደ ሰውነት ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ እርጥብ አየር ውስጥ ለአራት ሰዓት ፔዳል ሲመታ ሳይታወቀው ይደክማል።

ስለ ዝናብ ደግሞ የአገሩ ሰዎች «ኦሎት ላይ ካልዘነበ የትም አይዘንብም» ይላሉ፤ እውነት ነው። ጂሮና ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ኦሎት ዶፍ ሊወርድባት ይችላል። የሁለቱንም ከተሞች ትንበያ ለየብቻ እዩ። ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን ቆዩ፤ ጎርፍ ጠጠሩን ጠርጎ በመንገዱ መካከል ቦይ ይቆፍራል፤ ቦዩ ደግሞ በዛፍ ጥላ ሥር አይታይም።

በመጸው መጨረሻ የምትሄዱ ከሆነ ብርሃኑን አስሉ። በኖቬምበር አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው በአውሮፓ አቆጣጠር 17፡30 ገደማ ነው።

ደረጃ 2፦ አቅጣጫውን ወስኑ

ከኦሎት ወደ ጂሮና፣ ከጂሮና ወደ ባሕሩ ንዱ። ተቃራኒውን አትሞክሩ፣ በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ከኦሎት ስትነሡ በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ኮል ደን ባስ ወደሚባለው የተራራ ማለፊያ ትወጣላችሁ፤ ከፍታው ወደ 600 ሜትር ይደርሳል። ከዚያ በኋላ እስከ ጂሮና፣ ማለትም እስከ 70 ሜትር ገደማ ድረስ፣ መንገዱ በአብዛኛው ቁልቁል ነው። በተቃራኒው ከጂሮና ብትነሡ ያንን ሁሉ ሽቅብ ትገፋላችሁ። ተዳፋቱ ለስላሳ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ አይሰማም። «ሜዳ ላይ ነው ያለሁት፤ ታዲያ ለምን ደከመኝ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው።

የቀኑን ርዝመት ስታስሉ ዕረፍትን ጨምሮ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ያዙ። በዚህ ስሌት ከኦሎት እስከ ጂሮና አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ልምድ ያለው ሰው ይፈጥናል፤ ዕቅድ ግን የሚወጣው ከቡድኑ መካከል በጣም ቀስ ብሎ በሚነዳው ሰው ልክ ነው።

ደረጃ 3፦ ካርታውን በገዛ እጃችሁ ሥሩ

ብዙ ጉዞ የሚበላሸው በዚህ ደረጃ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

የስልክ መንገድ መሪ «ብስክሌት» የሚል ትእዛዝ ሲሰጠው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ አጭሩን መንገድ ፈልጎ ትከሻ የሌለው አውራ ጎዳና ላይ ይጥላችኋል፤ ወይ ደግሞ በካርታው ላይ መስመር ያየበትን ሁሉ መንገድ ነው ብሎ ፍየል ብቻ ወደሚወጣው ገደል ይመራችኋል። ስለዚህ መነሻና መድረሻ ብቻ ሰጥታችሁ የሚወጣውን መንገድ አትቀበሉ። እንዲህ አድርጉ፦

1. በኦፕንስትሪትማፕ (በጎ ፈቃደኞች በሚሠሩት ነጻ የኢንተርኔት ካርታ) ላይ የተመሠረተ የብስክሌት ካርታ ክፈቱ። ሩታ ዴል ካሪሌት በላዩ ተለይቶ ይታያል። መንገዱን ከመንደር ወደ መንደር፣ ነጥብ በነጥብ እያስቀመጣችሁ ሣሉት። ነጥቦቹ በዚህ ተራ ይሁኑ፦ ኦሎት፣ ሌስ ፕሬሴስ፣ ሳንት ኤስቴቬ ደን ባስ፣ ሳንት ፌሊዩ ዴ ፓሌሮልስ፣ ሌስ ፕላኔስ ዶስቶሌስ፣ አሜር፣ አንግሌስ፣ ቦንማቲ፣ ቤስካኖ፣ ሳልት፣ ጂሮና።

2. መስመሩ ከባቡር መደቡ ወጥቶ ወደ መኪና መንገድ የዘለለበትን ቦታ ፈልጉ። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ የባቡር መደብ ቀስ ብሎ ይታጠፋል እንጂ ድንገት አይሰበርም። ድንገተኛ ጥግ ካያችሁ አጉልታችሁ እዩት።

3. በካታሎኒያ የካርታና የጂኦሎጂ ተቋም የአየር ፎቶግራፍ ላይ ያንኑ መስመር ተከተሉ። ነጣ ያለ ቢጫ መስመር ጠጠር ነው፤ ግራጫው አስፋልት ነው። በቅጠል የተሸፈነውን አትመኑት።

4. የመኪና መንገድ የሚያቋርጠውን እያንዳንዱን ቦታ በቀይ ምልክት ያዙ። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ይህን ሥራ ፈጽሞ አትዝለሉት።

5. በየ15 ኪሎ ሜትሩ አንድ «መውጫ» ምልክት አድርጉ፤ አውቶቡስ የሚቆምባት መንደር ማለቴ ነው። አንድ ነገር ቢበላሽ የምትሄዱት ወደዚያ ነው።

6. መንገዱን የሚያስተዳድረው የጂሮና አረንጓዴ መንገዶች ኅብረት በጥገና ምክንያት የተዘጋ ክፍል መኖሩን አስታውቆ እንደሆነ ከመነሣታችሁ በፊት በነበረው ቀን ተመልከቱ።

7. ካርታውን ስልኩ ላይ አውርዱና ያለ ኢንተርኔት መሥራቱን ቤታችሁ ሆናችሁ ፈትኑ። ኢንተርኔቱን ዝጉና መስመሩ ይታይ እንደሆነ እዩ። «አውርጄዋለሁ» ብሎ ሳይፈትን የሄደ ሰው በሸለቆ ውስጥ ባዶ ስክሪን ይዞ ይቆማል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ልጨምር፦ ሁለት «ሳንት ፌሊዩ» አሉ። ሳንት ፌሊዩ ዴ ፓሌሮልስ ተራራው ላይ ናት፤ ሳንት ፌሊዩ ዴ ጊሾልስ ባሕሩ ዳር ናት። በባርሴሎና አጠገብ ደግሞ ሦስተኛ አለች። ካርታ ስትፈልጉም፣ የአውቶቡስ ትኬት ስትቆርጡም፣ ማደሪያ ስትይዙም ሙሉውን ስም ጻፉ።

ደረጃ 4፦ ብስክሌቱን አዘጋጁ

ጎማ። ስፋቱ ከ38 እስከ 45 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ መካከሉ ለስላሳ፣ ጎኑ ትንንሽ ጥርስ ያለው ጎማ ይበቃል። ለግንዱ ብቻ ከሆነ የተራራ ብስክሌትም ይሆናል። 28 ሚሊ ሜትር የሆነ የአስፋልት ጎማ ይዛችሁ ግን አትግቡ፤ ላላ ያለው አሸዋ ውስጥ ይሰምጣል።

የአየር ግፊት። ክብደቱ 70 ኪሎ ገደማ ለሆነ ሰው፣ 40 ሚሊ ሜትር ጎማ፣ ያለ ውስጥ ጎማ ከሆነ ፊቱን 2.2፣ ኋላውን 2.4 ባር አድርጉ። የውስጥ ጎማ ካለው ፊቱን 2.6፣ ኋላውን 2.8። ሻንጣ ከጫናችሁ ኋላው ላይ 0.2 ጨምሩ። በጎማውና በቸርኬው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ ግን አትለፉ። ጎማው ድንጋይ ሲመታ ቸርኬው «ኳ» ካለ ግፊቱ አንሷል፤ በትንንሽ ጠጠር ላይ እንደ ኳስ ከነጠረ በዝቷል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በማብዛት ነው። ጠንካራ ጎማ ፈጣን ይመስላል፤ ጠጠር ላይ ግን መሬት አይቆነጥጥም።

ፈሳሽ ማሸጊያ። ያለ ውስጥ ጎማ የምትነዱ ከሆነ ፈሳሹን መቼ እንደጨመራችሁ አስታውሱ። ከሦስት ወር በላይ ከሆነው ደርቆ ሊሆን ይችላል፤ ጨምሩበት።

ፍሬን። የፍሬን ሸራውን ውፍረት እዩ፤ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ከሆነ ቀይሩት። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ጠፍቶበት የተጎዳ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ፤ ቁጠባው አያዋጣም።

ማርሽ። ለግንዱ ማንኛውም ማርሽ ይበቃል። ቅርንጫፎቹ ላይ ለመውጣት ካሰባችሁ ግን የኋላው ትልቁ ጥርስ ከፊተኛው ትንሹ ጋር እኩል ወይም የበለጠ መሆን አለበት፤ ለምሳሌ ፊት 40፣ ኋላ 42።

በስፔን ሕግ ከከተማ ውጭ ለሚነዳ ሄልሜት ግዴታ ነው፤ ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የትም ቢሆን ማድረግ አለበት። ደወል ግዴታ ነው፤ በጨለማ ፊት ነጭ፣ ኋላ ቀይ መብራት ያስፈልጋል። በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ መንዳትም ክልክል ነው።

የመሣሪያ ቦርሳው ውስጥ እነዚህ ይግቡ፦ ሁለት የውስጥ ጎማ፣ መለጠፊያና ማስቲሽ፣ የጎማ ማውለቂያ ማንኪያ፣ ትንሽ መንፊያ፣ የሰንሰለት መፍቻና ተጨማሪ ማያያዣ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፎች፣ እንዲሁም የኋላ ማርሽ መቀየሪያው ከብስክሌቱ አካል ጋር የሚያያዝበት ትንሽ ብረት መለዋወጫ። የመጨረሻው በየብስክሌቱ ዓይነት ይለያያል፤ መንገድ ላይ አይገዛም።

ደረጃ 5፦ ውኃና ምግብ

ለግንዱ በሰው ሁለት ሊትር ውኃ ያዙ። መንደሮች ውስጥ የሕዝብ ቧንቧ አለ፤ ነገር ግን «ኖ ፖታብሌ» ወይም «ኖ ትራክታዳ» የሚል ጽሑፍ ካለበት አትጠጡ፤ አይጠጣም ወይም አልታከመም ማለት ነው። ጽሑፉን እንድታውቁት ምስሉን አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ።

ምግብ ላይ የሚያሰናክለው የሱቅ ሰዓት ነው። በትንንሽ መንደሮች ከቀትር በኋላ ብዙ ሱቅ ተዘግቶ ወደ 17፡00 ገደማ ይከፈታል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ዳቦ ማግኘት ይቸግራል። ስለዚህ ዳቦና ሙዝ ጠዋት ኦሎት ላይ ግዙ። በሶ ያላችሁ ደግሞ ያዙ፤ በውኃ በጥብጦ የሚጠጣ፣ ሙቀት የማያበላሸው፣ ሆድ የማይከብድ የመንገድ ስንቅ ከእሱ የተሻለ አላገኘሁም። ጨው ጣል አድርጉበት።

ደረጃ 6፦ ኦሎት መድረስ

ኦሎት ባቡር የላትም። ሁለት መንገድ አለ።

ቀላሉ ከጂሮና ወይም ከባርሴሎና በአውቶቡስ መሄድ ነው። ብስክሌት የሚገባው ከሆዱ ሥር ካለው የጓዝ ክፍል ነው፤ ቦታውም ጥቂት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ብስክሌት ይጭኑ እንደሆነ፣ ስንት እንደሚጭኑና መሸፈኛ ግዴታ ስለመሆኑ ጠይቁ። የፊት ጎማውን አውልቁ፤ ሰንሰለቱን በጨርቅ ጠቅልሉ። ሲጫን የማርሽ መቀየሪያው ወደ ላይ ይሁን፤ ከሌላ ሻንጣ ሥር ከዋለ ይታጠፋል። ሾፌሩ «ሞልቷል» ካለ አትከራከሩ፤ ቀጣዩን ጠብቁ። ለዚህ ሲባል የመጨረሻው አውቶቡስ ላይ ፈጽሞ አትተማመኑ፤ ከቀን በፊት ሄዳችሁ ኦሎት እደሩ።

ሁለተኛው ከባርሴሎና በባቡር ሪፖል መድረስ ነው። ከሪፖል እስከ ሳንት ጆአን ዴ ሌስ አባዴሴስ ሌላ የቀድሞ የባቡር መደብ አለ። ከዚያ በኋላ ግን 1,064 ሜትር ከፍታ ያለውን ኮል ዴ ሳንቲጎሳ በአሮጌው የመኪና መንገድ መውጣት ግድ ነው። መኪናው ጥቂት ቢሆንም ከመኪና ነጻ አይደለም፤ ከልጅ ጋር ይህን አልመክርም። በባቡሩ መስመር ላይ ሥራ ሲኖር በምትኩ አውቶቡስ ይመደባል፤ ምትክ አውቶቡስ ብስክሌት ላይጭን ይችላል። ከቤት ሳትወጡ አጣሩ።

ደረጃ 7፦ አንደኛው ቀን፣ ከኦሎት ወደ ጂሮና

1. ከኦሎት በዝቅተኛ ማርሽ ተነሡ። ሌስ ፕሬሴስን አልፎ በባስ ሸለቆ ሜዳ ላይ ሲነዳ ሁሉ ነገር ቀላል ስለሚመስል ሰው ይፈጥናል። አትፍጠኑ፤ ዳገቱ ከፊት ነው።

2. ኮል ደን ባስ ላይ ስትደርሱ ቁሙ። ኮት ልበሱ፤ ላብ የነካው ሰውነት በቁልቁለት ነፋስ ይቀዘቅዛል። ሁለቱንም ፍሬን ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ ሞክሩ። ሻንጣችሁን አጥብቁ።

3. ወደ ሳንት ፌሊዩ ዴ ፓሌሮልስና ወደ ሌስ ፕላኔስ ስትወርዱ ሁለቱን ፔዳል እኩል ከፍታ ላይ አድርጋችሁ መቀመጫችሁን ትንሽ አንሡ። ፍሬን የሚያዘው ከመታጠፊያው በፊት ነው፤ መታጠፊያው ውስጥ ገብቶ ፍሬን መያዝ ጎማውን ያንሸራትታል። በላላ ጠጠር ላይ የፊት ፍሬን በአንድ ጣት ብቻ።

4. መንገዱ የመኪና መንገድ ከማቋረጡ በፊት ብዙ ጊዜ መኪና እንዳይገባ የተተከለ ምሰሶ አለ። ከጥላ ወደ ፀሐይ ድንገት ስትወጡ ምሰሶው አይታይም። ሜዳው ሲገለጥ ፍጥነት ቀንሱ፤ እግራችሁን አውርዳችሁ ቁሙ፤ ሁለቱንም ወገን አይታችሁ ተሻገሩ። ቡድን ከሆናችሁ አንዱ «ነጻ ነው» ስላለ ሌላው ሳያይ አይከተል።

5. አሜር ላይ ምሳ ብሉ፤ ውኃ ሙሉ። ከዚህ በኋላ ሸለቆው ይሰፋል፤ ሙቀቱም ይጨምራል።

6. የቴር ወንዝ ጋ ከደረሳችሁ በኋላ በአንግሌስ፣ በቦንማቲና በቤስካኖ በኩል መንገዱ ወደ ሜዳነት ይጠጋል። መንደሮቹ ውስጥ ምልክቱ ከመንገድ ወደ መንገድ ይዘላል። ሁለት መታጠፊያ አልፋችሁ ምልክት ካላያችሁ ተመለሱ።

7. ከሳልት እስከ ጂሮና በአትክልት ቦታዎችና በውኃ ቦዮች መካከል ነው የሚታለፈው። ማታ ማታ የሚንሸራሸር ሰው፣ ሕፃን፣ ውሻ ይበዛበታል። ደወል ከሩቅ ምቱ፤ ከዚያም እንደ እግረኛ ቀስ በሉ። እነሱ ቤታቸው ናቸው፤ እናንተ እንግዳ።

ደረጃ 8፦ ሁለተኛው ቀን፣ ከጂሮና ወደ ባሕሩ

ይህኛው ክፍል አጭር ነው፤ ዋናው ወጥመዱ «እስከ ባሕሩ ቁልቁል ነው» የሚለው እምነት ነው። አይደለም። ከጂሮና በኳርትና በካሳ ዴ ላ ሴልቫ በኩል እስከ ያጎስቴራ ድረስ፣ ማለትም ግማሹን ያህል፣ ለስላሳ ዳገት ነው። ከያጎስቴራ በኋላ ነው ወደ አሮ ሸለቆ የሚወረደው። ጉልበታችሁን ለመጀመሪያው አጋማሽ መድቡ።

ከጂሮና ስትወጡ ከኦኛር ወንዝ ጎን ያለውን መነሻ ማግኘት ያስቸግራል። ከዋዜማው ማታ በእግር ሄዳችሁ ቦታውን አግኙት።

በዚህ ክፍል ያለው አሸዋ ግራናይት ድንጋይ ፈርሶ የሰጠው ነው፤ ሳውሎ ይሉታል። ሲደርቅ ከላይ እንደ ስንዴ ፍሬ ይንከባለላል። የፊት ጎማው አሸዋ ውስጥ ሲዋልል መሪውን ጨምቃችሁ ለማቅናት አትታገሉ። እጃችሁን አላሉ፣ ክብደታችሁን ወደ ኋላ አድርጉ፣ ፔዳል መምታት ቀጥሉ፤ ብስክሌቱ ራሱ መስመሩን ያገኛል።

ሳንታ ክሪስቲና ዳሮን ካለፋችሁ በኋላ ሰውና መኪና ይበዛል፤ በአውሮፓ በጋ፣ ማለትም በጁላይና በኦገስት፣ ቅዳሜና እሑድ በተለይ።

መመለሻ። ሳንት ፌሊዩ ዴ ጊሾልስም ባቡር የላትም። አውቶቡስ አለ፤ የብስክሌቱ ቦታ ግን በበጋ ቶሎ ይሞላል። እኔ ሁልጊዜ ያጎስቴራ ድረስ ሽቅብ መንዳት እንደሚኖርብኝ አድርጌ ጉልበት፣ ውኃና ብርሃን አስተርፋለሁ። አውቶቡሱ ከጫነኝ ትርፍ ነው።

ደረጃ 9፦ ቅርንጫፉ፣ የጋቫሬስ ተራሮች

ግንዱን በሰላም ከጨረሳችሁ በጂሮናና በባሕሩ መካከል ወዳለው የጋቫሬስ ተራራ ግቡ። ከፍታው ትንሽ ነው፤ ጫፉ ከ530 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ይህ ቁጥር ግን አያታልላችሁ። መንገዱ እየወረደ እየወጣ ስለሚሄድ አንድ ቀን ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ልትወጡ ትችላላችሁ፤ ዳገቱም የባቡር ዳገት አይደለም።

የመጀመሪያው ዙር ከ35 ኪሎ ሜትር አይብለጥ። በሰው ሦስት ሊትር ውኃ ያዙ፤ የቡሽ ዛፍ ደኑ ውስጥ የሚታመን ምንጭ አትጠብቁ። በካርታው ላይ የመንገዱ ደረጃ ከ1 እስከ 5 ይጻፋል፤ 1 ጠንካራ፣ 5 ለስላሳ መሬት ነው። 1፣ 2 እና 3 ላይ ብቻ መስመር ሥሩ።

በሰንሰለት የተዘጋ መንገድ ሁሉ ለእናንተ የተከለከለ አይደለም፤ መኪናን ብቻ የሚከለክል ይኖራል። «ፕሮፒየታት ፕሪቫዳ» የሚል ካለበት ግን የግል ይዞታ ነው፤ ተመለሱ።

ሁለት ነገር ይህን ቀን ሊያስቀረው ይገባል። አንደኛው እሳት ነው። ካታሎኒያ የሰደድ እሳት ሥጋትን ፕላ አልፋ በተባለ ከ0 እስከ 4 ባለው ደረጃ ታውጃለች፤ 4 ሲሆን ወደ ደኑ መግባት ይገደባል። እኔ 3 ሲሆንም አልገባም። ከማርች 15 እስከ ኦክቶበር 15 በደንና በዙሪያው እሳት ማንደድ ክልክል ነው፤ ቡና ለማፍላት ብላችሁ ምድጃ አትያዙ። ሁለተኛው አደን ነው። ከመጸው እስከ አውሮፓው ክረምት (የብርዱ ወራት) መጨረሻ፣ በተለይ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት፣ የዱር አሳማ በቡድን ይታደናል። «ባቱዳ» የሚል ምልክት መንገዱ ላይ ካያችሁ በዚያ አትለፉ፤ ደማቅ ልብስም ቢሆን ጥይት አይመልስም።

ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

ጎማ ተበሳ። ጥላ ውስጥ ግቡ። አዲሱን የውስጥ ጎማ ከማስገባታችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ዳብሱ፤ እሾኹ እዚያው አለ። እሾኹን ሳያወጣ የቀየረ ሰው ሁለተኛውንም ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይበሳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

የጎማው ጎን ተቀደደ። የገንዘብ ኖት ወይም የወተት ካርቶን ቁራጭ አጥፋችሁ ከውስጥ በኩል በቀዳዳው ላይ አድርጉና የውስጥ ጎማ አስገቡ። ግፊቱን ቀንሱ፤ ቀስ ብላችሁ ወደ ቅርቡ መውጫ ሂዱ። ጉዞውን አትቀጥሉ።

የማርሽ መቀየሪያው ተሰበረ። መለዋወጫ ብረቱ ካለ ቀይሩ። ከሌለ ሰንሰለቱን ፈትታችሁ አሳጥሩና በመካከለኛው ጥርስ ላይ በቀጥታ አያይዙት። በአንድ ማርሽ ትነዳላችሁ፤ በግንዱ ላይ ይህ ይበቃል።

መንገዱ ጠፋ። መንገዱ እየጠበበ፣ ሣር እየሸፈነው ከሄደ 200 ሜትር ብቻ ሞክሩ። ካልተሻለ መጨረሻ ወዳያችሁት መገናኛ ተመለሱ። «ትንሽ ነው የቀረው» ብሎ ቁጥቋጦ ውስጥ ብስክሌት ተሸክሞ መግባት ቀኑን ይበላዋል።

ጓደኛችሁ ከሙቀት የተነሣ ራሱን አመመው፣ አቅለሸለሸው፣ ንግግሩ ተዘበራረቀ። ወዲያው አቁሙ። ጥላ ውስጥ አስተኙት፤ ሄልሜቱን አውልቁ፤ አንገቱንና ብብቱን በውኃ አርጥቡ፤ አናፍሱት። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ በትንሽ በትንሹ አጠጡት። ንግግሩ ከተዘበራረቀ ግን «ይሻለዋል» ብላችሁ አትጠብቁ፤ በአደጋ ጊዜ ወደሚደወልበት ቁጥር 112 ደውሉ።

ሰው ወደቀ። ከመንገዱ መካከል ሌላ ብስክሌት እንዳይደርስበት አንድ ሰው ወደ ላይ ልኩ። አንገቱን ካመመው አታንቀሳቅሱት። 112 ስትደውሉ በመጀመሪያ የምትናገሩት ስማችሁን ሳይሆን ያላችሁበትን ቦታ ነው፦ የመንገዱን ስም፣ ያለፋችሁትን መንደር፣ የምትሄዱበትን መንደር፣ ስልኩ የሚያሳየውን የካርታ ቁጥር። መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ቦታውን ነግራችሁ ይሁን። ከዚያ አንድ ሰው ወደ ቅርቡ የመኪና ማቋረጫ ሄዶ ይቁም፤ አምቡላንሱ የሚገባው በዚያ በኩል ነው።